ጊንጧ ወለደች፤ አሁን ምን ላድርግ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች የደረሱን ከደሴና ከኮምቦልቻ ነው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የገለጹልን ክንዷ ቀጭን፣ ጅራቷ ወፍራም የሆነችውን የቆላ ጊንጥ ነው። ይህ የቡቲዴ ቤተሰብ ምልክት ነው፤ በአገራችን ቆላማ ቦታዎች የሚገኙት ፓራቡተስና ሆተንቶታ የሚባሉት ወገኖች ከዚህ ቤተሰብ ናቸው። ለሰው የሚያሰጋ መርዝ ያላቸው ጊንጦች በአብዛኛው የሚገኙትም እዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ስለሆነ፣ መልሶቻችንን በጥንቃቄ እንድትከተሏቸው አደራ እንላለን።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ላብራቶሪያችን ውስጥ በመስታወት ሣጥን የያዝናት ጊንጥ ትናንት ወለደች። ሠላሳ ያህል ነጫጭ ልጆች ጀርባዋ ላይ ተደራርበዋል። ምን እንመግባቸው? እናቲቱ እንዳትበላቸውስ ለይተን እናስቀምጣቸው ወይ?

መልስ፦ መምህር፣ ሁለቱንም አያድርጉ። አሁን ጀርባዋ ላይ ያሉት ልጆች መብላት አይችሉም። ሲወለዱ በሆዳቸው ይዘውት የመጡት አስኳል የመጀመሪያውን ቅርፊታቸውን እስኪያወልቁ ይበቃቸዋል። አካላቸው ለስላሳ ነው፤ መንደፊያቸው ገና አይሠራም፤ እግራቸው ጫፍ ላይ ያለውም ጥፍር ሳይሆን የእናታቸው ጀርባ ላይ የሚያጣብቃቸው ትንሽ መለጠፊያ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ከእሷ የተነጠሉ ልጆች ይደርቃሉ፤ ቅርፊታቸውን ማውለቅ ያቅታቸውና ይሞታሉ። ስለዚህ የእርስዎ ሥራ ልጆቹን መንከባከብ ሳይሆን እናቲቱን ሳይነኩ ማኖር ነው።

እናት ጊንጥ ልጆቿን የምትበላው ሲጠማት፣ ሲርባት ወይም ስትረበሽ ነው። ከሦስቱ ብዙ ልጅ የሚያስጨርሰው መረበሽ ነው። ተማሪዎች ሣጥኑን ከበው እንዲያዩ፣ በስልክ መብራት ፎቶ እንዲያነሡ፣ መስታወቱን በጣት እንዲያንኳኩ አይፍቀዱ። ሣጥኑን ከማይነቃነቅ ቁም ሣጥን ላይ ያስቀምጡት፤ ሦስቱን ጎን በጥቁር ወረቀት ይሸፍኑት፤ ክዳኑን የሚከፍቱት ውሃ ለመቀየርና ምግብ ለመስጠት ብቻ ይሁን። በር በኃይል ሲዘጋ የሚፈጠረው ንዝረት እንኳ ይሰማታል፤ ጊንጥ አደኗን የምታገኘው በእግሯ በሚደርሳት ንዝረት ነውና።

ውሃ በሃይላንድ ክዳን ያቅርቡላት፤ ክዳኑ ውስጥ የወደቀ ልጅ እንዳይሰምጥ ጠጠር ይሙሉበት። በወለደች በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን፣ ማታ፣ ጭንቅላቷ የተፈጨ አንዲት ትንሽ በረሮ ወይም ፌንጣ ረጅም ወረንጦ ይዘው አጠገቧ ያኑሩላት። በሕይወት ያለ ፌንጣ አይስጧት። እየዘለለ ልጆቹን ያራግፋል፤ ለስላሳዎቹን ልጆችም ሊነክስ ይችላል። እስከ ጧት ካልበላችው አውጥተው ይጣሉት፤ አለመብላቷ አያስደነግጥዎ።

የቆላ ጊንጥ ሣጥን እንደ ልማዱ ደረቅ ነው። ልጆች ጀርባዋ ላይ እያሉ ግን አየሩ ጥቂት እርጥበት ቢኖረው ቅርፊታቸውን በቀላሉ ያወልቃሉ። ከመደበቂያዋ ራቅ ባለው ጥግ ያለውን የአሸዋውን ሲሶ በየሦስት ቀኑ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ያርጥቡት። ከላይ አይርጩ። አንዲት የውሃ ጠብታ ለእኛ ኢምንት ናት፤ በአዲስ የተወለደ ልጅ ላይ ግን ከተለጠፈች አትለቀውም።

አንድ ሁለት ልጅ ቢወድቅ በራሱ ተመልሶ ይወጣል። ለሰዓታት እዚያው ከቀረ፣ በውሃ ቀለም ብሩሽ ጫፍ አንሥተው በስባሪ ቅርፊተ እንጨት ላይ ያድርጉትና እንጨቱን ከእናቲቱ ፊት ያስጠጉት። በጣት ፈጽሞ አይሆንም።

በ28 እና በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ከሆኑ፣ ልጆቹ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ የመጀመሪያውን ቅርፊት ያወልቃሉ። ያን ጊዜ ቀለም ይይዛሉ፤ ቁመናቸውም የጊንጥ ይሆናል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ መውረድ ይጀምራሉ። ማሞቂያ በሌለው የደሴ ክፍል ግን ጊዜው ይረዝማል፤ በቅዝቃዜው ምክንያት ቅርፊቱን ሳይጥል የሚቀረው ልጅም ይበዛል።

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። ጊንጧን ብቻዋን ከያዝኳት ወራት አልፈዋል። ያለ ወንድ እንዴት ወለደች?

መልስ፦ ወደ እርስዎ ስትመጣ አርግዛ ሳይሆን አይቀርም። የጊንጥ እርግዝና እንደ ዝርያው ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይወስዳል። የአንዳንድ ዝርያዎች ሴቶች ደግሞ የወንዱን ዘር በሰውነታቸው አቆይተው ከአንድ ግንኙነት ደጋግመው ይወልዳሉ። ስለዚህ እንደገና ብትወልድ አይደነቁ። ከዱር የመጣች ሴት ጊንጥ የሚይዝ ሁሉ ለወሊድ የሚሆን ትንንሽ ዕቃ አስቀድሞ ቢያዘጋጅ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ እኔም ከኮምቦልቻ ነኝ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ልጆቹ ቀለም ይዘው ከጀርባዋ ወርደዋል። አብረው ይደጉ ወይስ ይለያዩ? ብዙ ገንዘብ የማያስወጣ ዕቃ ብትጠቁሙኝ።

መልስ፦ ወንድማችን፣ የቡቲዴ ልጆች አብረው አይደጉም። አንዱ ቅርፊቱን ሲያወልቅ ለጥቂት ቀናት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ያን ጊዜ ወንድሙ ይበላዋል። ክንዳቸው ሰፊ፣ ጅራታቸው ቀጭን የሆነው የፓንዲነስ ወገኖች ከእናታቸው ጋር ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ፤ እናታቸው የገደለችውንም አብረው ይበላሉ። የአንተ ግን ለእያንዳንዱ የየራሱ ቤት ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ እናቲቱን አውጣ፤ አንድ ትልቅ እንስሳ ማንቀሳቀስ ሠላሳ ትንንሾችን ከማሳደድ ይቀላል። ሁሉም መውረዳቸውን አረጋግጥ፤ አንድም ጀርባዋ ላይ ከቀረ ጠብቅ። ከዚያ ሰፊ የፕላስቲክ ኩባያ ድፋባትና ጠንካራ ወረቀት ከሥር አንሸራትተህ ወደ ሌላ ሣጥን አዛውራት። ልጆቹን ደግሞ አንድ በአንድ በብሩሽ እየገፋህ ወደ ትንሽ ኩባያ አስገባ። የሚዘልል ጊንጥ የለም፤ በብሩሹ እንጨት ላይ ግን ወደ እጅህ ሊወጣ ይችላልና 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ብሩሽ ተጠቀም።

ለቤታቸው በላብራቶሪ ለሽንት ምርመራ የሚሰጠው ባለ ክዳን የፕላስቲክ ኩባያ በጣም ይስማማል፤ አዲስ ከፋርማሲ ግዛ። ክዳኑን በጋለ መርፌ ስምንት ወይም አሥር ቦታ ብሳው፤ ቀዳዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ጨቅላ ጊንጥ ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው አካሉ ያልፋል። ለስላሳ ፕላስቲክ መውጣት አይችሉም፤ የፕላስተር ሙጫ የቀረበትን ወይም የተቧጨረውን ግን ይወጡታል፤ ስለዚህ ኩባያው ላይ ዋጋ የተለጠፈበት ወረቀት ካለ ሙጫውን ጭምር አጽዳው።

ከሥሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር አሸዋ አድርግ። የቦርከናን አሸዋ አንመክርም፤ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበት ወንዝ ነው። የግንባታ አሸዋ ወንፍተህ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግመህ እጠበውና፣ ለምግብ በማይውል አሮጌ ብረት ምጣድ ላይ ግማሽ ሰዓት አምሰው። ማመሱ ማይት የሚባሉትን ደቃቅ ነፍሳትና የሻጋታ ዘርን ይገድላል። ሲቀዘቅዝ ሙላው። በላዩ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል የቅርፊተ እንጨት ስባሪ ዘንበል አድርገህ አኑርበት፤ ከሥሩ ይደበቅበታል፤ ቅርፊቱን ሲያወልቅም ሻካራው ገጽ መያዣ ይሆነዋል። መደበቂያ የሌለው ልጅ ሲዞር ያድራል፤ ምግብም አይነካም።

ውሃ በሲሪንጅ ይሁን፤ በሳምንት አንዴ ሁለት ሦስት ጠብታ በአንዱ ጥግ አሸዋው ላይ ጣል። የኩባያው ግድግዳ ላይ ላብ ካየህ በዝቷል፤ ክዳኑን ለጥቂት ሰዓት ገርበብ አድርገህ ሌላ ትልቅ ዕቃ ውስጥ አቆየው። ኩባያው ሁሉ ላይ ቁጥርና ቅርፊት ያወለቀበትን ቀን ጻፍ። ማስታወሻው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ከሁለት ወር በኋላ «ይሄ ለምን አይበላም?» ብለህ ስትጨነቅ የሚመልስልህ ግን እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለእነዚህ ደቃቃ ጊንጦች ምን ይሰጣል? ደሴ የነፍሳት ምግብ የሚሸጥ ሱቅ የለም።

መልስ፦ ሱቅ አያስፈልግም። የበሰለ ሙዝ ላይ የሚያንዣብቡት ትንንሽ የፍራፍሬ ዝንቦች ለዚህ ዕድሜ ልክ ናቸው። አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ግማሽ በጣም የበሰለ ሙዝ ጨፍልቁ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ዱቄትና አንድ ቁንጥር የዳቦ እርሾ ጨምራችሁ አዋህዱት፤ ዝንቦቹ የሚቆሙበት የታጠፈ ወረቀት ትከሉበት። ለአንድ ቀን ክፍቱን መስኮት ላይ ተዉት፤ ዝንቦች ሲገቡ አፉን በስስ ጨርቅ በላስቲክ እሰሩት። በ25 ዲግሪ አዲሶቹ ዝንቦች ከአሥር ቀን በኋላ መውጣት ይጀምራሉ፤ በ18 ዲግሪ ግን ሦስት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ጠርሙሱን ከጊንጦቹ ጋር አንድ ማሞቂያ ውስጥ ማኖር የሚሻለው ለዚህ ነው። በየሳምንቱ አዲስ ጠርሙስ ከጀመራችሁ ምግብ አይቋረጥም።

የእኛ ዝንቦች ይበርራሉ። ጠርሙሱን አምስት ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት፤ ሲደነዝዙ ሁለቱን ወይም ሦስቱን በብሩሽ ወደ ኩባያው አራግፉ። በየአራትና በየአምስት ቀኑ ይበቃል። የጠገበ ልጅ ሆዱ ተነፍቶ በሆዱ ላይ በተደረደሩት ጠንካራ ቅርፊቶች መካከል ያለው ስስ ቆዳ ይታያል፤ እንዲህ ከሆነ አንድ ጊዜ ዝለሉት።

ምስጥም ይሆናል፤ ሠራተኞቹን ብቻ ምረጡ፤ ጭንቅላታቸው ትልቅ የሆኑት ወታደሮቹ ይነክሳሉ። አዲስ የተፈለፈሉ በረሮዎችም ጥሩ ናቸው። አደኑ ከልጁ ቁመት ግማሽ አይብለጥ። ትልቅ ብቻ ካገኛችሁ፣ የተገደለ በረሮ እግር ቆርጣችሁ እርጥብ ሥጋው የሚታይበትን ጫፍ ከመደበቂያው አጠገብ አኑሩ፤ ብዙዎቹ ሌሊት ይበሉታል። የተረፈውን በማግስቱ አውጡ፤ ማይት የሚራባው በፍርፋሪ ላይ ነው።

አንድ ነገር በብርቱ እናሳስባለን። ፍሊት ከተረጨበት ቤት የተያዘ በረሮ፣ ፀረ ተባይ ከተረጨበት ማሳ የመጣ ፌንጣ አትስጡ። በበረሮው ላይ ያለው መርዝ ልጁን በአንድ ሌሊት ይገድለዋል፤ ሰዎችም በሽታ ገባ ብለው ያስባሉ። ለወባ የቤት ውስጥ ርጭት የሚደረግበት የኮምቦልቻ ሰው ደግሞ ከርጭቱ ቀን በፊት ኩባያዎቹን ሁሉ ወደማይረጭ ቤት ያዛውር።

ጥያቄ፦ የደሴ ብርድ ለጊንጥ ይከብዳል ወይ? ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ መብራትም ይጠፋል።

መልስ፦ ይከብዳል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ያለው የሙቀት ልዩነት ቁልቁለቱን የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። ብርዱ ያደገ ጊንጥ ወዲያው አይገድልም። ልጆቹ ግን በልተው መፍጨት ያቅታቸዋል፤ ያልተፈጨው ምግብ ሆዳቸው ውስጥ ይበላሻል፤ ቅርፊት የማውለቂያ ጊዜያቸውም ያልፋል። ማሞቅ ካልቻላችሁ በዚያ ሳምንት አትመግቡ፤ የራበው ልጅ ይቆያል፤ በብርድ የጠገበው ግን ይሞታል።

ኩባያዎቹን በሙሉ አንድ ሣጥን ውስጥ መደርደርና ሣጥኑን ማሞቅ ይቀላል። የጣውላ ወይም ወፍራም የካርቶን ሣጥን ውስጡን በስፖንጅ ልበጡት። መብራት ሲኖር፣ በአንዱ ጫፍ ባለ 25 ወይም ባለ 40 ዋት ክር አምፑል ብርሃኑ እንዳይወጣ በቆርቆሮ ጣሳ ተሸፍኖ፣ ካርቶኑንና ስፖንጁን ሳይነካ፣ በሙቀት መቆጣጠሪያ ይሥራ። ኤል ኢ ዲ አምፑል ለዚህ አይሆንም፤ በቂ ሙቀት አይሰጥም። ወደ አምፑሉ ያለው ጎን 30፣ ሌላው 24 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። ቴርሞሜትሩን ኩባያዎቹ ከፍታ ላይ አድርጉት፤ ክዳኑ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር ያታልላል። ከሥር አታሙቁ፤ ጊንጥ ሙቀትን የሚሸሸው ወደ ታች በመቆፈር ስለሆነ፣ ከሥር የሞቀ ኩባያ ውስጥ ያለ ልጅ ወደ እሳቱ እየቆፈረ ይደርቃል።

መብራት ሲጠፋ፣ ባለ አምስት ሊትር ሁለት ጀሪካን እጅ በጥቂቱ በሚታገሠው ትኩስ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና በኩባያዎቹ ግራና ቀኝ አቁሙ፤ ሣጥኑን በብርድ ልብስ ሸፍኑት። ማታ የገባ ጀሪካን እስከ ንጋት ብርዱን ይሰብራል። ከሰል ግን አታስቡት። ጭስ ባይታይም የሚወጣው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ሰውን ይገድላል።

ጥያቄ፦ አንዱ ልጅ በጎኑ ተኝቶ አይንቀሳቀስም፤ ከትናንት ጀምሮ አይበላም። ሌላው ደግሞ ግማሽ ቅርፊቱ ጅራቱ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። (ደሴ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ሞቷል ብለው አይጣሉት። ቅርፊት ለማውለቅ የተቃረበ ልጅ ለብዙ ቀናት ምግብ ይተዋል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ከመደበቂያው አይወጣም። በዚህ ጊዜ ኩባያው ውስጥ በሕይወት ያለ አደን ካለ አውጡ፤ በአሸዋው ጥግ ላይ ጥቂት ጠብታ ይጨምሩ፤ ይተዉት። መጥፎ ሽታ ካልመጣና አካሉ ካልጠቆረ ተስፋ አለ። ካወለቀ በኋላ ከሦስት እስከ አምስት ቀን አይመግቡት፤ መንጋጋው ገና አልጠነከረም።

የሁለተኛው ችግር ደረቅነት ነው፤ አንዳንዴም ብርድ ወይም መነካካት። ኩባያውን እርጥብ ጥጥ ካለበት ትልቅ ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት በሞቃት ቦታ ያቆዩት። አሮጌው ቅርፊት ሲለሰልስ ራሱ ሊጥለው ይችላል። አይጎትቱት፤ ሥሩ ያለው አዲሱ ቆዳ እንደ እርጥብ ወረቀት ስለሆነ ጅራቱን ይዞ ይቀደዳል። አንድ እግር ብቻ ቢጎድለው ይኖራል። መርዝ ያለበት የጅራቱ ጫፍ ተጣብቆ ከቀረ ግን ማደን ያስቸግረዋል፤ የተገደለ ምግብ እየሰጡ እስከ ሚቀጥለው ቅርፊት ይጠብቁት። አብዛኞቹ ለአካለ መጠን እስኪደርሱ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ያወልቃሉና ዕድል አለው።

ጥያቄ፦ የሐሰት ብር መለያ ባትሪ ሳበራባቸው እናቲቱ አረንጓዴ ሆና ታበራለች፤ ልጆቿ ግን አያበሩም። ታመዋል?

መልስ፦ አልታመሙም። በአልትራቫዮሌት የሚያበራው የጠነከረው ቅርፊት ነው፤ አዲስ የተወለዱት ገና የላቸውም። የመጀመሪያውን ቅርፊት ካወለቁ በኋላ ያበራሉ። ባትሪው ያመለጠ ልጅ በጨለማ ክፍል ለመፈለግ ይጠቅማል፤ ለጨዋታ ግን አያብሩባቸው፤ ጊንጥ ይህን ብርሃን ይሸሻል።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ኮምቦልቻ የምኖር እናት ነኝ። ልጄ ክፍሉ ውስጥ የጊንጥ ልጆች ያሳድጋል። ትንንሽ ስለሆኑ አይጎዱም ይለኛል። እውነቱን ንገሩኝ።

መልስ፦ ወአለይኩሙ ሰላም እናታችን። ከእናታቸው ጀርባ የወረዱት ሁሉ ይናደፋሉ። የመርዛቸው መጠን ትንሽ ነው፤ ለሕፃን ግን «ትንሽ ናት» ተብሎ የሚናቅ የቡቲዴ ጊንጥ የለም። ቤት ውስጥ ከአሥር ዓመት በታች ልጆች ካሉ ኩባያዎቹ በቁልፍ በሚዘጋ ሣጥን ውስጥ ይቀመጡ፤ ሁልጊዜም ይቆጠሩ። ይህን የማያደርግ ልጅ ጊንጥ ባይዝ ይሻላል፤ የእርስዎ ሥጋት ትክክል ነው።

ሰው ከተነደፈ ቦታውን በውሃና በሳሙና ይጠቡ፤ ቀለበትና አምባር ያውልቁ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ለአሥር ደቂቃ እየያዙ ያንሡ። አይብጡት፣ አይምጠጡት፣ አይሰሩት፣ ነጭ ጋዝም አይቀቡት። የተነደፈው ሕፃን ከሆነ ምልክት ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። አዋቂም ቢሆን ላብና ለሐጭ ከበዛበት፣ ካስመለሰው፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ከተንከራተተ ወይም ትንፋሽ ካጠረው በፍጥነት ይወሰድ። የጊንጧን ፎቶ ይዞ መሄድ ለሐኪሙ ይረዳል።

ጥያቄ፦ ከሃያ በላይ ልጆች ተርፈውልኛል፤ ሁሉንም ማሳደግ አልችልም። ጦሳ ተራራ ላይ ብለቅቃቸውስ? (ደሴ)

መልስ፦ ጦሳ ላይ አይልቀቁ። ከቆላ የመጣ ጊንጥ በዚያ ብርድ አይዘልቅም፤ ከዘለቀም ያልነበረበት ቦታ ገባ ማለት ነው። መልቀቅ የሚቻለው እናቲቱ ከተያዘችበት ቦታ ብቻ ነው፤ ከባቲ አካባቢ ከመጣች ወደዚያው፣ ከሐርቡ ከሆነች ወደዚያው፣ ከቤትና ከከብት በረት፣ እረኞች ከሚውሉበትም ርቆ፣ ድንጋያማ ቦታ ላይ፣ አመሻሽ ላይ። ከሌላ አገር ወይም ካልታወቀ ቦታ የመጣች እናት ልጆች ከሆኑ ፈጽሞ አይለቀቁም። ሌላ ሣጥን ውስጥ ከሌላ ዝርያ ጋር የቆዩም በሽታና ማይት ስለሚያዛምቱ አይለቀቁ። ለሌላ ትምህርት ቤት ወይም ለዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ክፍል መስጠት ሲፈልጉ ወይም ለሽያጭ ሲጠየቁ፣ የዱር እንስሳት አዋጅ አለና አስቀድመው የወረዳዎን የዱር እንስሳት ባለሙያ ያነጋግሩ። ለመጓጓዣ እያንዳንዱን በኩባያው ውስጥ፣ አሸዋውን አውጥተው በእርጥበት በራሰ ለስላሳ ወረቀት ይተኩት፤ በጉዞ የሚንሸራተት አሸዋ ልጆቹን ይደፍናቸዋል። ክዳኑን በፕላስተር ይዝጉ፣ ቀዳዳዎቹን ሳይሸፍኑ፤ ላዩ ላይም «በሕይወት ያለ ጊንጥ» ብለው በትልቁ ይጻፉ።